ሁለተኛው ገመድ

እትዬ ቁጣ እውነተኛ ስም አላት፤ ግን ማን ያስታውሰዋል? እንግዳ ጀልባዎች የሚያርፉበትን የሕዝብ ማሰሪያ የምታስተዳድረው እሷ ናት። ማሰሪያው ከዳርቻው ፈንጠር ብለው ውሃው ላይ የሚንሳፈፉ ትልልቅ ነጭ ኳሶች ናቸው። ከእያንዳንዱ ኳስ ሥር ሰንሰለት ወርዶ፣ ታች ከተጋደመ ከባድ ሲሚንቶ ጋር ተያይዟል። እንግዳው ገመዱን ኳሱ ላይ ያስርና እፎይ ብሎ ይተኛል። የእትዬ ቁጣ ሕግ አንድ ነው፦ «አንድ ጀልባ፣ በአንድ ኳስ! ጎረቤት ላይ መለጠፍ የለም!»

ነገሩ በሆነበት ዕለት ጠዋት እንኳ አንዱን እንግዳ፣ ባለጊታሩን፣ ልክ ልኩን ነግራው ነበር። ጀልባውን ከጎረቤቱ ከአባባ ጀልባ ጋር በገመድ አያይዞ አገኘችው።

«ምነው፣ ብቻህን መቆም አቃተህ?»

«አባባ ሻይ ሊጠጡ ሲሻገሩ እንዳይወድቁ ብዬ ነው እትዬ።»

«እኔ እያለሁ ማንም አይወድቅም! ፍታ!»

ፈታ። ምን ያድርግ? ከእሷ ጋር ተከራክሮ የረታ ሰው ገና አልተወለደም።

አባባ በየዓመቱ የሚመጡ፣ ጆሯቸው የደከመ ሽማግሌ ናቸው። ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ ከዚያች አሮጌ ጀልባ በቀር ቤት የላቸውም። ድስታቸውም አልጋቸውም የሚስታቸው ፎቶም እዚያው ነው።

ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ከባሕሩ ወደ ዳርቻው አለቶች መንፈስ ጀመረ። የእትዬ ቁጣ ባል፣ ጠላቂው፣ አዲስ ሰንሰለት ተሸክሞ ከከተማ የደረሰው ያኔ ነው። ሥራው ውሃ ውስጥ እየገባ ሰንሰለቶቹን መፈተሽ ነው። ያለቀ ካገኘ ኳሱ ላይ ቀይ ጨርቅ ያስራል፤ እስኪቀየር ማንም እንዳያርፍበት። እሷ ግን ያ ሰውዬ እንዲያርፍ፣ ያቺ ሴትዮ እንድትነሳ ስትጮህ፣ እግረ መንገዷን ኳሶቹን ስታጥብ ቆይታ አሁን የቀዘፋ ጀልባዋን መቀመጫ እየወለወለች ነበር። ጠላቂው እጇን አየ።

«ይቺን ጨርቅ ከየት አመጣሻት?»

«ትናንት ከኳስ ላይ ነቅዬ ነዋ! እንግዶችህ ቡትቷቸውን እየጣሉ፣ የወፍ ኩስ ለብሳ...» ቀና ብላ ጨርቋን አየቻት። ታጥባ ቀልታለች። ክው አለች።

«ምልክት ያሰርኩባት፣ አሁን አባባ ያረፉባት ኳስ ናት» አለ ጠላቂው፤ ሰንሰለቱን ከትከሻው ጣለና ወደ ቀዘፋው ጀልባ ዘለለ። ቢቀዝፉ፣ ቢቀዝፉ፣ ማዕበሉ መልሶ ዳርቻው ላይ ወረወራቸው። ማሰሪያው ሞልቷል፤ ባዶ ኳስ የለም። ሰንሰለቱ ከተበጠሰ የአባባ ጀልባ አለቱ ላይ ተፈጥፍጣ ትቀራለች።

እትዬ ቁጣ ድምፅ ማጉያውን አነሳች። «አባባ! አባባ ይነሱ!» የአባባ የቀትር እንቅልፍ እንኳን ለድምፅ ማጉያ ለመድፍም አይበገር። ቀና ያለው ባለጊታሩ ነበር።

ኧረ እንዴት ያሳፍራል! ጠዋት ያስፈታችውን ገመድ አሁን እሰርልኝ ማለት። ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ግን አለችው።

«ወንድሜ! የአባባ ሰንሰለት አልቋል፣ ጥፋቱ የኔ ነው! ከጀልባህ ጋር እሰርልኝ!»

ንፋሱ ድምፁን ይዞላት መጣ፦ «የእኔ ሰንሰለት ለሁለት ይችላል ወይ እትዬ?»

መዋሸት ትችል ነበር። «አላውቅም!» አለች፤ ድምጿ ተሰባበረ። «እውነቴን ነው፣ አላውቅም!»

 ባለጊታሩ የገመዱን አንድ ጫፍ ጀልባው ላይ፣ ሌላውን ወገቡ ላይ አስሮ ዘሎ ገባ። ጊታር ከመነካካት ሌላ ሥራ ያውቃል ብላ አስባ አታውቅም ነበር። እየሰጠመ፣ እየወጣ የአባባን ጀልባ ያዘ፤ ገመዱን አጠበቀ። ጥቂት ቆይቶ የኳሱ ሰንሰለት ተበጠሰና የአባባ ጀልባ ወደ አለቱ ተወረወረች። እትዬ ቁጣ የባሏን ክንድ ጨምድዳ ያዘች። ገመዱ ተወጠረ፣ ጀልባዋም ባለችበት ቀረች።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ንፋሱ ጋብ አለና ባልና ሚስት ቀዝፈው ደረሱ። አባባ እየተንጠራሩ ብቅ አሉ።

«አንቺ ልጄ፣ ዕድሜ ይስጥሽ!» አሉ። «እንደዚህ ደጅ ያለ እንቅልፍ የትም አላገኝ። ያቺ ነፍሷን ይማረውና ሚስቴም ‹የዚህችን ሴት ቁጣ ስሰማ ነው ልቤ የሚያርፈው› ትለኝ ነበር።»

ይኼኔ አልቻለችም። ጨርቋን እያሳየች፣ ጆሯቸው ሥር ሁሉንም ተናገረች። አባባ ሰንሰለቱ ተበጥሶ ከጀልባቸው ጎን የሚላጋውን ኳስ አዩ፤ ቀጥሎ ገመዱን በመዳፋቸው ዳሰሱት፤ ቀጥሎ የባለጊታሩን ግንባር ሳሙ።

ባለጊታሩ አጠገባቸው ብርድ ልብስ ተከናንቦ ጥርሱ ይንገጫገጫል። እትዬ ቁጣ ዞረችበት። ማመስገን ግን አልለመደባትም። እሱ ገላገላት።

«እትዬ፣ አሁንስ ልፍታው?» አለ፣ ፈገግ ብሎ።

«ትፈታና!» ብላ ጮኸች፤ እንባዋ ዱብ ዱብ ይላል። «ትፈታና ታየኛለህ!»