ጋሽ ወልደጻድቅ ኮምፒውተር ሲመርጡ

ግዛቸው አሰላ ውስጥ ኮምፒውተር ሲሸጥ ብዙ ዓመቱ ነው፤ እንደ ጋሽ ወልደጻድቅ ያለ መራጭ ግን ገጥሞት አያውቅም። ከእርሻ ቢሮ ጡረታ የወጡ፣ የሰፈሩ ዕድር ዳኛ፣ ሽንኩርት እንኳ ሳያገላብጡ የማይገዙ ሰው ናቸው።

የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሁለት ላፕቶፕ አስደርድረው ፊት ለፊታቸው ቁጭ ብለዋል። አንዱ ፕሮሰሰሩ ፈጣን ነው፤ ሜሞሪው ግን ትንሽ። ሌላው ሜሞሪው ሰፊ ነው፤ ፕሮሰሰሩ ግን ቀሰስተኛ። ሁለቱንም ያሟላው አቅማቸው አይደለም። የሚገዙት ለአንድ ልጃቸው ለናቲ ነው፤ ሦስተኛ ዓመት የሥነ ሕንፃ ተማሪ ነው። በስተርጅና ያገኙት ልጅ ስለሆነ ስሙን ሲጠሩ እንኳ ድምፃቸው ይለሰልሳል።

"የቱ ይሻልሃል ብለው 'ግዛቸው ያውቃል አባዬ' ብሎ ዘጋብኝ። እስቲ አንተ በሚገባኝ ንገረኝ" አሉ።

"ጋሼ፣ ፕሮሰሰሩን ኮምባይነር ነው ይበሉት። ሜሞሪው ደግሞ ስንዴውን የሚቀበለው ተሳቢ ነው። ኮምባይነሩ ቢበር ተሳቢው ከጠበበ ቆሞ ይጠብቃል። ተሳቢው ሰፍቶ ኮምባይነሩ ቢያዘግም ደግሞ…"

"ዝናብ ይደርስብሃላ!" ብለው ሳቁ። "ታዲያ የቱን ልውሰድ?"

"እንደ ሥራው ነው።"

"አይ ግዛቸው! ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! የሚሻለውን ልብህ ያውቀዋል፤ ውዱን ልታሸክመኝ ፈልገህ ነው" ብለው ተረቡት።

የግዛቸው ስልክ የጠራው ይኼኔ ነው። የዕድሩ ጸሐፊ ዲሪባ ነበር።

"ግዛቸው፣ ፊትህን እንዳትለውጥ። ጋሽ ወልደጻድቅ አንተ ጋ ናቸው?"

"አዎ።"

"ናቲ ሞቷል። ዛሬ ጠዋት የተሳፈረበት መኪና ተገልብጦ።" "ነገ ንጋት ላይ ነው እሳቸውንም ባለቤታቸውን እትዬ አበራሽንም የምናረዳቸው። ሰፈሩ ግን ሰምቷል፤ ጎረምሳው ሁሉ መንገድ ላይ ቆሞ ያለቅሳል። ሰዉን እስክንበትን ድረስ በፈጠረህ ያዝልን። እንዳይሰሙ!"

ወይ ፈተና! ለጠላትም አይስጥ። ያ ልጅ ክረምት በመጣ ቁጥር እዚሁ ሱቅ ውስጥ ቤት ሲስል የሚውል፣ "አንተ ሀብታም ስትሆን ፎቅህን የምሠራልህ እኔ ነኝ" የሚለው ልጅ ነው። ግዛቸው ሊጮህ ፈለገ። ግን መርዶ ወግ አለው፤ አባትን ሱቅ መሐል አቁመው ልጅህ ሞተ አይሉትም። ሆድ ይፍጀው ብሎ ፊቱን ወደ መደርደሪያው አዞረና ሌላ ላፕቶፕ አወረደ።

"የቸኮልን መሰለኝ ጋሼ። እስቲ ይኼንንም እንየው።"

ከፈተው፤ ዘጋው። ስለ ባትሪው አወራ፤ ስለ ስክሪኑ አወራ። ምን እንደሚል ራሱም አያውቀውም።

"ግራ አጋባኸኝ እኮ! ለራሱ ልደውልለት" ብለው ጋሽ ወልደጻድቅ ስልካቸውን አወጡ። ግዛቸው ሊነጥቃቸው ምንም አልቀረውም። ሽማግሌው ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ጠበቁ።

"ዝግ ነው። ይኼ ዝንጉ፣ ባትሪ ጨርሶ ይሆናል።"

"ኔትወርኩም ዛሬ እምቢ ብሏል ጋሼ።"

"አሁን አንተ ጋ ተደውሎ የለም እንዴ?"

ግዛቸው የላፕቶፑን ክዳን ይወለውል ጀመር። እሳቸውም ነገሩን አላከረሩትም።

"በል፣ ሜሞሪው የሰፋውን ልውሰድ። የሱ ነገር ሁሉንም ባንዴ ከፍቶ ነው" አሉና ገንዘቡን አውጥተው ዘረጉለት።

ግዛቸው ገንዘቡን አልተቀበለም። የሟች ልጅ ዕቃ ለአባቱ እንዴት ይሸጣል?

"ያቆዩት ጋሼ… ነገ ይሰጡኛል። ሻይ ልዘዝልዎ?"

ጋሽ ወልደጻድቅ ገንዘቡን እንደዘረጉ ቀሩ። ግዛቸውን ትክ ብለው አዩት። ቀጥሎ ወደ ደጅ አዩ። ከመንገዱ ማዶ ሁለት የሰፈር ሴቶች ወደ ሱቁ እያዩ ቆመዋል፤ ዓይን ለዓይን ሲጋጠሙ ሁለቱም አንገታቸውን ደፉ። እሳቸው እኮ የዕድር ዳኛ ናቸው! ስንቱን አባት ወፍጮ ቤት፣ ስንቷን እናት ገበያ ላይ "እንዳትሰማ ያዙልን" እያሉ በስልክ ሲያስይዙ ኖረዋል። በዚያ በጭላሎ ተራራ ብርድ የስንቱን በር ንጋት ላይ አንኳኩተዋል።

"ግዛቸው" አሉ ቀስ ብለው፤ "እስከ ስንት ሰዓት ያዛቸው አሉህ?"

ግዛቸው አፉን ከፈተ። እንባው ቀደመው።

"ተው! እንዳትነግረኝ!" እጃቸውን አነሱ። "የሚነግሩኝ ነገ ነው። እስኪያረዱኝ ድረስ አልሰማሁም። አበራሽም የዛሬን ትተኛ።" ወንበሩን በእጃቸው ዳብሰው ተቀመጡ። "በል፣ አስረዳኝ።"

"ጋሼ…"

"አስረዳኝ አልኩህ እኮ!"

ግዛቸው አስረዳቸው። እንባውን በእጅጌው እየጠረገ፣ ሥዕሉ ሲከብድ ማሽኑ ለምን እንደማይቆም፣ ሜሞሪው ወደፊት እንዴት እንደሚጨመርበት አንድ በአንድ ነገራቸው። ጋሽ ወልደጻድቅ ራሳቸውን እየነቀነቁ አዳመጡ። ያልገባቸውን አስደገሙት። ጉንጫቸው ርሷል፤ አልጠረጉትም።

"ስንት ዓመት ያገለግለዋል?" ብለው ጠየቁ በመጨረሻ።

"አምስት… ስድስት ዓመት ጋሼ።"

"ይበቃዋል" አሉ። "እስኪመረቅ ይበቃዋል።"