የሐሩን አንቀጽ

ካፒቴን ሐሩን አንድ ነገር ከያዘ አይለቅም። ያን ሰሞን የያዘው ደግሞ የአብራሪዎቹን አዲስ የሥራ ውል ነበር። የሚሠሩበት አየር መንገድ ትንሽ የግል ድርጅት ነው። አብራሪዎቹ ቦሌ አንድ ሆቴል አዳራሽ ገብተው ቀኑን ሙሉ ሲነታረኩ ዋሉ። አንዱ የዕረፍት ቀኔን በስልክ አትንኩብኝ ይላል፣ ሌላው በተከታታይ ሌሊት አታብርሩኝ ይላል። ሐሩን ግን ጥያቄው አንድ ነበር።

"የአንድ አብራሪ ወላጅ ሊሞት ካጣጣረ 'ዛሬ አልበርም' ብሎ ይደውል። ማንም ለምን እንዳይለው። በቃ!"

"ካፒቴን፣ ይሄን ካስገባን ድርጅቱ የሌሊቱን በረራ ነገር አይሰጠንም" አለ ረዳት አብራሪው ፍስሃ። "አንዱን መልቀቃችን ነው።"

"እንልቀቀዋ! እንቅልፍ ይተካል። አባት ይተካል እንዴ?"

የሐሩንን አባት ሁሉም ያውቋቸዋል። ጋሽ አብዱልገኒ ከወሎ የመጡ የከባድ መኪና ሾፌር ነበሩ፤ አሁን አያት ሰፈር ከልጃቸው ከሐሚዳ ጋር ይኖራሉ፣ ልባቸው ደክሟል። ሐሩን በሄደ ቁጥር አንዲት ነገር ይደጋግሙለታል፦ "እናቴ ስትሞት መኪናዬን ይዤ አሰብ መንገድ ላይ ነበርኩ። ስመለስ ተቀብራለች። እኔን ግን ስሞት ባዕድ አይጠበኝ። አንተ ነህ የምታጥበኝ።"

እንግዲህ ያ ግትር ሰው አሸነፈ። ጓደኞቹ የሌሊት ዕረፍታቸውን ለቀው አንቀጿን አስገቡለት፤ ስሟንም "የሐሩን አንቀጽ" ብለው ቀለዱበት። እሱም ከቤቱ ከሲኤምሲ አያት ድረስ በመኪናው ከነፈና አባቱን ለብቻቸው አግኝቶ የአንቀጿን ነገር አወራቸው።

"እንግዲያማ አሁን ልሞት እችላለሁ!" ብለው ሳቁ ጋሽ አብዱልገኒ።

ለሐሚዳ ግን አልነገራትም። ሌት ተቀን የምታስታምም እህቱ ፊት የሞት ነገር እንዴት ያውራ? ምናለ ያን ቀን እንኳ ጨክኖ በተናገረ!

ወሩ ሳያልቅ አንድ ጠዋት ሐሩን ዩኒፎርሙን ለብሶ፣ ቦሌ ከአብራሪዎች ክፍል ሆኖ ደወለላት።

"አባባ እንዴት አደሩ?"

"አልሐምዱሊላህ። ተኝተዋል።"

"ድምፅሽ ምነው?"

"ጉንፋን ነው። አብሽር፣ ሥራህን ሂድ።"

ጋሽ አብዱልገኒ ግን አልተኙም፤ ያጣጥሩ ነበር። ጎረቤታቸው አብዱልናስር ራስጌያቸው ቁጭ ብሎ ከቁርአን የያሲንን ምዕራፍ ይቀራል። "ለሐሩን ንገሪው እንጂ" ቢላት፣ "ያን ሁሉ ሰው ይዞ ሊበር ነው፣ እንዴት ላስደንግጠው?" አለችው። ይህች ምስኪን ምን ታድርግ! ክፉ ወሬ በስልክ አይነገርም ሲባል ነው ያደገችው። መንገደኛ ደግሞ በሰላም እስኪገባ አይረበሽም። ሐሩን ስልኩን ኪሱ ከቶ ወደ አውሮፕላኑ ሄደ።

በማግስቱ ሲመለስ ፍስሃ መኪና ይዞ ቆሞ አገኘው። ፍስሃ ሰላም ብሎት በቀጥታ ወደ አያት ነዳው። ሐሩንም አልጠየቀም። በሩ ላይ የተተከለውን ድንኳን ሲያይ መኪናው ሳይቆም ወረደ። ጋሽ አብዱልገኒን አብዱልናስር አጥቧቸው፣ ሰግደውባቸው፣ ትናንት ከአስር ሶላት በፊት ቀብረዋቸዋል።

ሐሚዳ እግሩ ላይ ወደቀች።

"ስደውልልሽ... በሕይወት ነበሩ?" አላት።

"ነበሩ። አንተን ይጠሩ ነበር። እንዳትደነግጥ ብዬ ነው ወንድሜ፣ ወላሂ ለክፉ አይደለም! ደግሞ ያን ጊዜ ብነግርህስ ማን ይለቅህ ነበር?"

ፍስሃ አላስችል አለው። "ሐሚዳ፣ ውላችን ላይ እኮ..."

ሐሩን የፍስሃን እጅ ጨምድዶ ይዞ አስቆመው። መሬት ላይ ነበርኩ፣ እዚሁ ቦሌ ነበርኩ ብሎ መጮህ ፈልጓል። ግን እህቱን አያት። ከእንግዲህ ዕድሜዋን ሙሉ ይህን ተሸክማ ልትኖር ነው? ጎንበስ ብሎ አነሳት።

"ብትነግሪኝም አይለቁኝም ነበር" አላት። "አብሽሪ።"

"እኔም እኮ እንደዚያ ብዬ ነው" አለችና ደረቱ ላይ ተለጥፋ አለቀሰች።

ከዚያ ሐሩን ድንኳኑ ውስጥ ገብቶ ከአብዱልናስር ጎን ተቀመጠ። የሰውየውን እጆች አየና፣ "ውሃው ሞቅ ያለ ነበር?" ብሎ ጠየቀው።