ስልሳ ጠርሙስ፣ ወደ ግራ

ወደ አልዛስ የሚወስደው መታጠፊያ በግራ ነበር። እኔ ቀጥ ብዬ ነዳሁ።

«ኦዴት፣ አለፍሽው እኮ!» አለ ባሌ ሉሲየን፣ ካርታውን ጉልበቱ ላይ እንደዘረጋ።

«አላለፍኩትም፤ ትቼው ነው።»

ሠላሳ ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ የነዳሁ ሴት ነኝ፤ መታጠፊያ አይጠፋኝም። መኪናችን ውስጧ አልጋ፣ ምድጃና መታጠቢያ አላት። ቤቷን ተሸክማ ስለምትዞር «ቀንድ አውጣ» እንላታለን። ጡረታ ከወጣን ወዲህ በየነሐሴው አንዴ ሎዋር፣ አንዴ ዡራ፣ አንዴ ቡርጎኝ እንሄዳለን። አረፋ የሚያወጣ ወይን እየቀመስን፣ የወደድነውን እየገዛን አልጋችን ሥር እንደረድራለን። አረፋ ያለው ወይን የሚሠራበትን አገር ሁሉ ረግጠናል፣ ከሻምፓኝ በቀር። ሻምፓኝን ሉሲየን በዓይኑ ማየት አይፈልግም። ተወልዶ ያደገው እዚያ ነው።

«ኤፐርኔ» የሚለውን የሻምፓኝ ከተማ ምልክት ሲያይ ካርታውን አጣጠፈ።

«አታለልሽኝ።»

«አዎ፣ አታለልኩህ። ቀበቶህን እሰር።»

ሉሲየን እዚያ ሠላሳ አንድ ዓመት ጠርሙስ አዟሪ ነበር። ጠርሙሱ አፉን ቁልቁል ደፍቶ ቀዳዳ ያለው ጣውላ ላይ ይሰካል። አዟሪው በየቀኑ ነቅነቅ ያደርገውና አንድ ስምንተኛ ዙር ያዞረዋል። አተላው ቀስ በቀስ እየተንሸራተተ አፉ ላይ ይከማቻል፤ በመጨረሻ ጠርሙሱ ሲከፈት ተፈንጥሮ ይወጣና ንጹሕ ወይን ይቀራል። የእኔ ሉሲየን በቀን ሠላሳ ሺህ ያዞር ነበር። ታዲያ አንድ ዓርብ ሽማግሌው ጌታው ግቢው መሐል ጠራውና «ማሽን ገዝቻለሁ» አለው። በቃ። ጀምሮት የነበረውን ስልሳ ጠርሙስ እንኳ ሳይጨርስ ወጣ። ያኔ ያኮረፈው ኩርፊያ ይኸው አሥራ አንድ ዓመት ሆነው።

ሌላም ነገር አለ። ድሮ ቤታችን ምግብ ላይ ስንቀመጥ እጁ አያርፍም ነበር። የዘይቱንም፣ የኮምጣጤውንም ጠርሙስ ነቅነቅ አድርጎ ትንሽ ያዞረዋል። «እባክህ ተዋቸው፣ አተላ የላቸውም!» እያልኩ ስንት ዓመት ጮኼበታለሁ። ከዚያች ዓርብ በኋላ አንድም ጠርሙስ ነክቶ አያውቅም። አፌን በቆረጠው ያልኩት ያኔ ነው።

በሰኔ ደብዳቤ መጣልኝ። የጻፈችው የሽማግሌው ልጅ ክሎቲልድ ናት፤ አባቷ ሞቶ ቤቱን ይዛዋለች። የአሮጌው ምድር ቤት ግድግዳ ስለተሰነጠቀ ከወይን ለቀማው በፊት ባዶ መሆን አለበት ትላለች። የሉሲየን ስልሳ ጠርሙሶች እዚያው አሉ፤ ሁለት ሰው ሞክሯቸው አልጠራ አሉ። ካልጠሩ ትደፋቸዋለች። ደብዳቤውን ከመሪው አጠገብ ካለው ሳጥን ውስጥ ደብቄ፣ አልዛስ እንሄዳለን ብዬ ተነሣሁ። ይህ ሰው ሥራውን ሳይጨርስ እንዲሞት አልፈቅድም። ሐሳቤ ይኸው ነበር።

በሩ ጠባብ ነው። የቀንድ አውጣን ጆሮዎች፣ የጎን መስተዋቶቿን፣ አጥፌ፣ በአንድ ጣት ልዩነት ግቢው ውስጥ አስገባኋት።

«አልወርድም» አለ ሉሲየን።

«ማን ውረድ አለህ? እኔ ወይን ልገዛ ነው የመጣሁት።»

«የእነሱን ወይን ነው የምትገዢው?»

«የአንተን።» በሩን ዘጋሁበት።

ክሎቲልድ አርባ የሞላት፣ ቦት ጫማ ያደረገች ሴት ናት። «ማዳም ኦዴት፣ እንኳን ደህና መጡ! ሙሴ ሉሲየንስ?» አለችኝ። «አኩርፎ ተቀምጧል» አልኳት። ሳቀች፤ እኔ ግን አልሳቅኩም። ወደ ምድር ቤቱ ወረድን። ጠርሙሶቹ አቧራ ለብሰዋል፤ ቂጣቸው ላይ ባሌ የቀባት ነጭ ምልክት አለች። አንድ ሠራተኛ ቆሞ ያዞራቸዋል።

«ሦስተኛው ሙከራችን ነው» አለች ክሎቲልድ። «አተላው መሐል ላይ ይደርስና ይበተናል። ግራ ገብቶናል።»

የሠራተኛውን እጅ አየሁ። እጁን አይቼ ጠረጴዛችን ትዝ አለኝ፣ የኮምጣጤው ጠርሙስ ትዝ አለኝ።

«ወዴት ነው የምታዞሩት?»

«ወደ ቀኝ ነዋ። ሁሉም ሰው ወደ ቀኝ ነው የሚያዞረው።»

«ሉሲየን ግራኝ ነው እኮ፤ የሚያዞረው ወደ ግራ ነው!»

ክሎቲልድ አፏን ያዘች። «አባቴ አልነገረኝም።»

አባትየው ሠላሳ አንድ ዓመት ሲያሠራው በየትኛው እጁ እንደሚሠራ አላየም። ደሜ ፈላ። ባሌ እስከ ግማሽ ያመጣውን አተላ፣ እነዚህ በየቀኑ ወደ ኋላ ሲመልሱት ኖረዋል።

ወደ መኪናው ተመለስኩ። ሉሲየን እጁን አጣምሮ ተቀምጧል።

«ወደ ቀኝ እያዞሯቸው ነው» አልኩት።

«የትኞቹን?» አለኝ።

«ስልሳዎቹን።»

«ወደ ቀኝ?» ቀበቶውን ፈታ። «የኔን ጠርሙስ? ወደ ቀኝ? እነዚህ ደደቦች!»

ሲወርድ ደረጃውን እንኳ አላየውም። ምድር ቤቱ ገብቶ የመጀመሪያውን ጠርሙስ ያዘ፤ ሊያዞረው ሞከረ፣ አቃተው። ጣቶቹ በሪህ ተቆልምመዋል። ክሎቲልድ ፊቷን አዞረች። እኔ ግን ለማዘን አልመጣሁም፤ ጃኬቴን አውልቄ እጅጌዬን ሰበሰብኩ።

«ንገረኝ። ስንት?»

«አንድ ስምንተኛ። መጀመሪያ ነቅነቅ አድርጊው። አይ፣ አይ! ሕፃን እንደምታባብይ ሳይሆን በር እንደምታንኳኪ።»

«እንዲህ?»

«አውቶቡስ አይደለም የምትነጂው፤ ቀስ!»

ሦስት ሳምንት ግቢው ውስጥ ቆምን። አልዛስ ቀረ። ጠዋት ጠዋት ስልሳውን አዞራለሁ፤ እሱ ከኋላዬ ቆሞ ይቆጣል። ሲቆጣኝ ደስ ይለኛል፣ እሱ ግን አያውቅም። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ስለው «እንቁላሉን ተይና አራተኛው ረድፍ ላይ የዘለልሽውን አዙሪ» ይለኛል። በሁለተኛው ሳምንት የእጄ አንጓ አብጦ ማንኪያ ማንሣት አቃተኝ። ክሎቲልድ ሠራተኛውን ልላክ አለችኝ። እምቢ አልኩ። ፎጣ ጠምጥሜበት ቀጠልኩ።

በሃያ አንደኛው ቀን ሉሲየን አንዱን ጠርሙስ በሁለት መዳፉ ይዞ ወደ መብራቱ አስጠጋው። ብዙ ቆየ። አተላው በሙሉ አፉ ላይ ተቀምጧል፤ ከላይ ያለው ወይን የምንጭ ውኃ መስሏል።

«ጠራ» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «ኦዴት፣ ጠራ» አለ።

ክሎቲልድ አንዱን ከፍታ አተላውን ካስፈነጠረች በኋላ ቀዳችልን። ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ሻምፓኝ አፉ ገባ። ጎርሶት ቆየና ዋጠው።

«እንዴት ነው ሙሴ ሉሲየን?»

«ዘግይቷል» አለ። ብርጭቆውን ግን ዘረጋላት።

«በሉ ይውሰዷቸው» አለች ክሎቲልድ። «ስጦታ ናቸው፤ ሊደፉ የነበሩ ናቸው።»

«የሚደፋ ነገር አልወስድም» አልኳት። «ለእንግዳ በምትሸጪበት ዋጋ ሽጪልኝ። ደረሰኙ ላይም ‹በእጅ የዞረ› ብለሽ ጻፊ፤ የባሌንም ስም ጨምሪበት።»

ጻፈችው። ሉሲየን ወረቀቱን ተቀብሎ አነበበው፣ አጠፈና ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው።

በማግስቱ ከመነሣታችን በፊት ቀንድ አውጣ ውስጥ ቁርስ በላን። አልጋው ሥር ቦታ ስላልበቃ ጠርሙሶቹ እግራችን ሥር ናቸው። ቲማቲም ቆረጥኩ፤ ዘይትና ኮምጣጤ አወጣሁ። የአንጓዬን ፎጣ ሳጠብቅ ቆይቼ ቀና ስል፣ የሉሲየን የተቆለመመ ግራ እጅ የኮምጣጤውን ጠርሙስ ይዞ አየሁት። ጣቶቹ አልታዘዝ ሲሉት በመዳፉ ገፋው። ነቅነቅ፣ ከዚያ ትንሽ ወደ ግራ።

«ምን ታያለሽ?» አለኝ።

«ምንም» አልኩት። የዘይቱንም ጠርሙስ ገፋ አድርጌ አጠገቡ አኖርኩለት።