ያልተነሳው ባቡር

«እነዚያ እጅ አንሺዎቹ መጡ!» አለች አክስት በሹክሹክታ። የአክስት ሹክሹክታ ለሌላ ሰው ጩኸት ነው፤ ግቢው ሁሉ ዞሮ በሩን አየ።

የሟቹ ታላቅ ወንድም፣ በያጁ፣ ግን ግድግዳውን እንደተደገፈ ቀና አላለም። ቀና ማለት ማክበር ነው። እነዚህን ሰዎች የሚያከብርበት ምክንያት አልታየውም።

ትናንት ወንድሙ ሲቀበር፣ ሳጥኑ በገመድ ቁልቁል መውረድ ሲጀምር፣ ከኋላ የቆሙ የማያውቃቸው ሰዎች፣ ሽማግሌውም ወጣቱም፣ ሁለት እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ። ድምፅ አላሰሙም። ሳጥኑ መሬት ሲነካ እጃቸውን አወረዱ። ለቀስተኛው እርስ በርሱ ተያየ። አንዱ «አዲስ ሃይማኖት ነው» አለ፤ ሌላው «ኧረ ጠጥተው ነው» አለ። በያጁ ማንንም አልጠየቀም። እየቀለዱብኝ ነው ብሎ ደመደመ። ሰው ሲቀልድበት ለመለየት ትምህርት አያስፈልገውም፤ ዕድሜ ልኩን የቀመሰው ነው።

አሁን ደግሞ እቤቱ ድረስ መጡ። መምጣታቸው ሳያንስ አመጣጣቸው! ከበሩ ጀምረው አንድ በአንድ ተሰለፉ። የቀደማቸው ሰው የለም፣ የሚጠበቅም ነገር የለም። እነሱ ግን በልብስ ማስጫው ገመድ ሥር ዞረው፣ በወንበሮቹ መሃል ታጥፈው፣ በውሃ በርሜሉ በኩል ተመልሰው፣ እንደ እባብ ተጠማዝዘው ቆሙ።

«ምን የሚታደል መስሏቸው ነው?» አለች አክስት። «ስኳር አልመጣም በሏቸው።»

ከሰልፉ ፊት የነበረች ነጭ ጫማ ያደረገች ነርስ ሰማቻት። «ይቅርታ እማማ፣ ልማድ ሆኖብን ነው» አለች አፍራ። «እኛ ወረፋ ሳንይዝ የትም መግባት ጠፍቶብናል።»

የመዝናኛ ፓርኩ ሰዎች ናቸው። ሟቹ ዕድሜውን የጨረሰው ኮረብታው ላይ ባለው የመዝናኛ ፓርክ፣ ያንን በሰማይ ላይ በሐዲድ የሚንደረደር ትንሽ ባቡር ሲያስነሳና ሲያቆም ነው። ሰው በሳምንቱ መጨረሻ ልጁን ይዞ ሄዶ፣ ጮኾ፣ ስቆ፣ ይመለሳል። ይህ ያለ ነው። ጎልማሳ ሰው፣ ነርስና ሹፌር፣ ለዚያ ነገር እድሜ ልኩን ሲመላለስ ግን በያጁ ሰምቶም አያውቅ።

አንድ በአንድ እጁን እየጨበጡ «ነፍስ ይማር፣ ያጥናዎት» ብለው ተቀመጡ። ሻይ ተቀዳ። በመጨረሻ ኮፍያውን በሁለት እጁ የሚያፍተለትል ወፍራም ሰው ብድግ አለ። የባቡሩ መካኒክ ነው፤ ከሟቹ ጋር አብሮ ያረጀ።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልንጠይቅዎ ነበር። ባቡሩ ቆሟል። እሱ ካረፈ ወዲህ አላስነሳነውም። እርስዎ ሳይፈቅዱም አናስነሳም።»

«እኔ?»

«እርስዎ።»

«እኔ ምን ቤት ነኝ? የፓርክ ባለሥልጣን አደረጋችሁኝ?»

«የሱ ታላቅ ነዎት።»

በያጁ ከተቀመጠ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ። ታላቅነቱ ዛሬ ትዝ አላቸው! «እንግዲያው ይቁም» አለ። «ቆሞ ይዛግ።»

ሻዩን ገፋ አደረገና ቀጠለ።

«በወንድሜ ሬሳ ላይ ቀልዳችሁ ፈቃድ ልትጠይቁኝ ትመጣላችሁ? እጃችሁን ወደ ላይ ያነሳችሁት ለምንድን ነው? ሰርግ ነበር?»

መካኒኩ ነርሷን አያት። ነርሷ ብርጭቆዋን መሬት አስቀመጠች።

«ቀልድ አይደለም ጋሼ። እሱ ያስተማረን ነው። እኔ መጀመሪያ የሄድኩት ባሌ ጥሎኝ የወጣ ሰሞን ነው። ጓደኞቼ ጎትተው ወሰዱኝ። ባቡሩ ላይ ስቀመጥ የፊቴን ብረት ሙጭጭ አድርጌ ይዤ ማልቀስ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እሱ አልሳቀም፤ ባቡሩንም አላስነሳም። መጥቶ አጠገቤ ቁጢጥ አለና 'ምኑን ነው የፈራሽው?' አለኝ። 'መውደቁን' አልኩት። 'እሱማ ትወድቂያለሽ፣ ሥራው መውደቅ ነው' አለኝ። 'ግን ብረት የጨበጠ ሰው የሚያየው ብረቱን ብቻ ነው። ቁልቁል ስትሄጂ እጅሽን ልቀቂና ቀና በይ፤ አይዞሽ።' ለቀቅኩ። እና... ምን ልበልዎት ጋሼ፤ ከተማው፣ ሰማዩ፣ ሁሉም ፊቴ ላይ መጣ። ስወርድ ሳቅ ይሰማኛል። የሚስቀው ማነው ብዬ ዞር ብዬ ፈለግኩ፣ እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ተረኛ ካልሆንኩ ቅዳሜ ቀርቼ አላውቅም።»

ብርጭቆዋን መልሳ አነሳች።

«ትናንት ደግሞ ቁልቁል የሚሄደው እሱ ሆነ። ብቻውን እንዳይፈራ ብለን ነው።»

አክስት የያዘችውን የሻይ ማንቆርቆሪያ ማንም ሳይቀበላት ቆማ ቀረች።

ከጥግ አንድ መላጣ የከባድ መኪና ሹፌር ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ እንኳን የገባሁት በውርርድ ነው። ቁርሴን ጥግብ ብዬ፣ ልቤ ሞልቶ ወጣሁ፤ ስወርድ የሱ ጫማ ላይ አስመለስኩ። ሰውዬው ጫማውን አየ፣ እኔን አየኝ፤ 'በል እንግዲህ፣ ቁርስህን ተካፍለናል፣ ከዛሬ ጀምሮ ዘመድ ነን' አለኝ። ይሄው ሚስቴንም ያገኘሁት እዚያው ወረፋ ላይ ነው። ልጆቼን የወሰድኳቸው ቁመታቸው ለባቡሩ እንደደረሰ ነው። አሁን እነሱ ይወስዱኛል።»

ሰው እየፈራ ሳቀ፤ በለቅሶ ቤት እንደሚሳቀው፣ አፍን ይዞ። ሌሎቹም ቀጠሉ፤ ለካ እያንዳንዱ የራሱ የመጀመሪያ ቀን አለው፣ በእያንዳንዱም መጀመሪያ ላይ ያ ሰው ቁጢጥ ብሏል። በስሙ የሚጠራው እንኳ የለም፤ «አይዞህ» ነው የሚሉት። «አይዞህ እንዲህ አለኝ፣ አይዞህ እንዲህ አደረገኝ።»

በያጁ እየሰማ ውስጡ መረረ። ለመንገደኛ ሁሉ አይዞህ ያለ ሰው ለእሱ ብሎት ያውቃል? እናትና አባታቸው ተከታትለው ሲሞቱ ከአራተኛ ክፍል ደብተሩን ዘግቶ ብየዳ የገባው ማን ሆነና! ትንሹ እንዲማር ብሎ ዓይኑን በብልጭታ ያስጠበሰው ማን ሆነና! ልጁ ሲያድግ እጁን ይዞ ሙያውን አሳየው። ከዚያ ግቢው ዳር ባለው ሥራ ቤት በር ላይ በትልልቁ ጻፈ፦ «የወንድማማቾች ብየዳ»። ቀለሙ በወጉ ሳይደርቅ ልጁ መጥቶ «ወንድም ጋሼ፣ ፓርኩ ቀጠረኝ» አለ። በያጁ ጽሑፉን አላጠፋውም። ይኸው ሰው በመጣ ቁጥር «ሌላኛው ወንድም የታለ?» እያለ ሲጠይቀው፣ «ሲጫወት ነው» እያለ ሲመልስ፣ ጸጉሩ ሸበተ።

ልጁ ፓርኩ በሚዘጋበት ቀን ሁሉ እየመጣ ደጁ ላይ ይቀመጥ ነበር። «ወንድም ጋሼ፣ አንድ ቀን ናና እየው እንጂ።»

«እኔ ልጅ አይደለሁም።»

ሁልጊዜ መልሱ ይኸው። ልጁም ሳቅ ብሎ ሻዩን ጠጥቶ ይሄዳል። አንድ ጠዋት ግን በተኛበት ልቡ ቀጥ አለች፤ መጋበዙም አበቃ።

መካኒኩ ሊሄድ ሲነሳ፣ «ሳያዩ አይፍረዱ ጋሼ» አለ። «ነገ ጠዋት ብቅ ይበሉ። ከዚያ ይቁም ካሉ ይቆማል።»

«እኔ ልጅ አይደለሁም» አለ በያጁ። ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ሁልጊዜ ይሰማው የነበረው ልጅ አለመኖሩ ደረቱን ወጋው።

«ውይ አንተ ልጅ!» አለች አክስት፤ ለእሷ ሽበትም ልጅ ነው። «የሟች ግብዣ ይዘለላል? ሂድና የሚሰደብም ከሆነ አይተህ ስደበው!»

በማግስቱ ጠዋት ሄደ። ለመሳደብም ቢሆን።

ባቡሩን ከሩቅ ሁሌ ያየዋል፤ ከጣራዎች በላይ የተጣመመ ሽቦ ይመስላል። ሥሩ ሲቆም ግን አንገቱ እስኪያመው ቀና ብሎ ጫፉን አጣው። ብረት የሚያውቅ ሰው ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ በርና መስኮት፣ የአልጋ እግርና የአጥር ዘንግ ሠርቷል። ብረት ማለት የሚቆም፣ የሚዘጋ፣ የሚያግድ ነገር መስሎት ኖሯል። ይኸኛው ግን እንደ ወፍ ተነስቶ፣ ተቆልምሞ፣ ራሱ ላይ ዞሮ፣ ቁልቁል ተወርውሮ፣ ደግሞ ይነሳል። ነቀፌታ ፍለጋ መጋጠሚያዎቹን አንድ በአንድ አየ። አጣ። «እንዴት አድርገው...» አለና አፉን ያዘ።

ነርሷና ሹፌሩ፣ ሌሎቹም ተሰልፈው ቆመዋል። ባቡሩ እንደማይነሳ እያወቁ። ማንም አላነጋገረውም፤ ዝም ብለው መንገድ ለቀቁለት።

መካኒኩ ከሐዲዱ ጎን ያለውን ጠባብ የብረት ደረጃ አሳየው። «እሱ በየጠዋቱ ሐዲዱን እየፈተሸ በዚህ ነበር የሚወጣው። ይችላሉ?»

«አልችልም ያለህ ማነው?»

መሃል ሲደርስ እንደማይችል አወቀ። በደረጃው ቀዳዳ ሥር መሬት ቁልቁል ይሸሻል። ነፋሱ ኮቱን ያራግበዋል። ቢመለስ ደግሞ ታች ያሉት ያዩታል። «አይዞዎት» አለ መካኒኩ ከኋላው፣ ቀስ ብሎ። በያጁ ሊቆጣ ፈልጎ ጉልበት አጣ። ወጣ።

ጫፉ ላይ ቆመ። ጸሐይ ገና መውጣቷ ነው። የሚኖርበት ከተማ፣ ሲገፋውና ሲያሽቀነጥረው የኖረ ከተማ፣ ጣራው ሁሉ ተደርድሮ፣ ጭሱ እየተነሳ፣ እግሩ ሥር ተዘርግቷል። ድምፁን እንኳን ዝቅ አደረገ፣ ቤተ መቅደስ እንደገባ ሰው። «ይሄን ነው በየቀኑ የሚያየው?»

«ይሄንንም ያያል። ዋናው ግን ያ ነው።» መካኒኩ በጣቱ አመለከተ። «ያቺን የዛገች ጣራ፣ ከጎኗ የውሃ በርሜል ያላትን አዩዋት?»

የገዛ ሥራ ቤቱ ነበር። በሩ፣ ግቢው፣ ደጁ ላይ የሚበይድበት ቦታ ሳይቀር፣ ፊት ለፊት።

«ፈትሾ ከጨረሰ በኋላ አይወርድም ነበር። እዚህ ይቆማል። ታች ሰው ተሰልፎ ይጮኻል፣ አለቃ ይቆጣል፤ እሱ በሬዲዮ 'ቆዩ፣ ወንድም ጋሼ አልከፈተም' ይለናል። ከዚያ ከእርስዎ ደጅ ሰማያዊ ብልጭታ ቦግ ይላል። 'ከፈተ! አስነሱ!' ይላል። ያኔ ነው ባቡሩ የሚነሳው።»

«ሁልጊዜ?»

«አንድ ቀን አልቀረም። እርስዎ የታመሙ ቀንማ 'ብልሽት አጋጥሟል' ብለን ለጥፈን ዋልን።»

«ለምን?»

«ጠየቅነው። 'እኔን ያሳደገኝ ያ እሳት ነው። ታላቅ ሳይነሳ ታናሽ ቢነሳ ነውር ነው' አለን።» መካኒኩ ኮፍያውን አወለቀ። «ፈቃድ የምንልዎት እሱን ነው ጋሼ። እኔ ከዚያን ጠዋት ጀምሮ በየቀኑ እዚህ እወጣለሁ። ብልጭታው አልታየም።»

በያጁ ጣራዋን አየ። ከዚህ ርቀት የእጅ መዳፍ አታህልም። ታች ጎንበስ ብሎ፣ ዓለም ረሳኝ እያለ፣ ሰው ሁሉ ናቀኝ እያለ ብረት በነካ ቁጥር፣ እዚህ ላይ አንድ ሰው ሲጠብቀው ኖሯል። ያ ሁሉ ሕዝብ፣ ያ ሁሉ ሳቅና ጩኸት፣ ተሰልፎ የቆየው እሱ ማሽኑን እስኪለኩስ ነው። እና አላወቀም! የደረጃውን ዘንግ ያዘ።

ሲወርድ ማንንም አላየም። ሹፌሩ «ጋሼ፣ እንግዲህ ምን...» ሲለው አልፎት ሄደ።

ግቢው ሲደርስ ለቀስተኛ ተቀምጧል። በመሃላቸው አልፎ የሥራ ቤቱን በር ከፈተና የብየዳ ማሽኑን ወደ ደጅ ጎተተ።

አክስት እየሮጠች መጣች። «አብደሃል? ለቅሶ ሳይወጣ ሥራ? የወንድሙ አፈር ሳይደርቅ ገንዘብ አማረው ይሉሃል እኮ! ሰው ምን ይላል?»

«ይበል» አለ። ይህን ቃል በሕይወቱ ተናግሮት አያውቅም።

ማሽኑን ለኮሰ፤ ጉርምርምታው ግቢውን ሞላ። ከወዳደቀው ብረት አንዱን ሳበ፤ ምንም የማይሆን ቁራጭ ነው። ፊቱን ወደ ኮረብታው አዞረ።

«ማስክህን አጥልቅ! ዓይንህን!» ጮኸች አክስት።

አላጠለቀም። ዓይኑን ጨፈነና በብየዳ ዘንጉ ብረቱን ነካ። ሰማያዊው ብርሃን ቦግ አለ፤ የለቀስተኛው ጥላ ግድግዳው ላይ ዘለለ። የዓይኑ ቆብ ከውስጥ ቀይ ሆነ። አላነሳውም፤ ረዘም አድርጎ ያዘው፣ ከሩቅ ለሚጠብቅ ሰው እንዲታይ። ደገመው። ሦስተኛውን ሲለኩስ በነፋሱ ላይ ከኮረብታው የሰንሰለት መንኳኳት መጣ፣ ቀስ እያለ፣ ሽቅብ እየሳበ። ከዚያ ጸጥ አለ። ከዚያ የብዙ ሰው ጩኸት በጣራዎቹ ላይ ተንከባለለ።

አክስት ፊቷን ከብርሃኑ መልሳ፣ ከኋላው ተጠግታ፣ መዳፏን በሁለቱ ዓይኖቹ ላይ ጋረደችለት። መዳፏ ወዲያው ረጠበ።

«ብየዳው ነው» አለ፣ ድምፁ እየተቆራረጠ።

«አዎ፣ ብየዳው ነው» አለች፤ መዳፏን ከዚያ ሳትወስድ፣ እሱ የያዘው ዘንግ ተቃጥሎ እስኪያልቅ ቆመችለት።