የፈታኙ ቀኝና ግራ

ፈታኙ በሃምሳ ስድስት ዓመቱ ዳንስ ሊማር የሄደው ወዶ አይደለም። ያስመዘገበችው ሚስቱ ናት። እሷ የሆስፒታሉ መድኃኒት ቤት ኃላፊ ናት፤ ቀኑን ሙሉ ቆማ እየዋለች ጉልበቷ አላስቀምጥ አላስቆም ብሏት ነበር። የሆስፒታሉ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ለሠራተኞችና ለቤተሰቦቻቸው ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በካፍቴሪያው ውስጥ የጥንድ ዳንስ ማስተማር ልትጀምር መሆኑን ስትሰማ የሁለቱንም ስም አስገብታ ቤት መጣች። ባል ሥራ አለብኝ አለ። ቅዳሜ ሥራ እንደሌለው ታውቃለች። ወገቤን ያመኛል አለ። ወገቡ እንደ ምሰሶ የቀና ነው። ሰበቡ ሲያልቅበት ዝም አለ፤ ሚስት ደግሞ ዝምታውን እሺታ አድርጋ ወሰደችው።

እውነተኛውን ምክንያት ለእሷም ሆነ ለሌላ ሰው ተናግሮት አያውቅም። ይህ ሰው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ መንጃ ፈቃድ ሊያወጡ የመጡ ሰዎች ጎን ተቀምጦ ወደ ቀኝ ታጠፍ፣ ወደ ግራ ታጠፍ እያለ ሲፈትን የኖረ ነው። ቀኙንና ግራውን ግን አይለይም።

ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ሌላው ሰው ሳያስብ የሚያውቀውን ነገር እሱ አስቦም አያገኘውም። ሰው ተናዶ "ቀኝና ግራውን የማያውቅ!" ብሎ ሌላውን ሲሳደብ በሰማ ቁጥር፣ ስድቡ ማንም ላይ ይውደቅ፣ የሚቀላው እሱ ነው። ስለዚህ ገና በወጣትነቱ ዘዴ አበጀ። የሚጽፈው በቀኙ ነው፤ እስክሪብቶ ከጨበጠ እጁ ራሱ ይነግረዋል። መኪና ውስጥ ከገባ እስኪወጣ እስክሪብቶው ከእጁ አይለይም። ሠልጣኞቹ ይህን ክፋት አድርገው ቆጠሩት፤ ሊጥለን ነው እስክሪብቶ የማያስቀምጠው ይሉታል። ከኋላው የሚጠሩት "ቀጥ በል" እያሉ ነው። ጉቦ የሚባል አይነካም። የገዛ አክስቱን ልጅ ሁለት ጊዜ ጥሎት እስከ ዛሬ ተኳርፈዋል። በዚህ ይኮራ ነበር፤ የሚኮራበት ነገር ያለው ሰው ደግሞ የሚደብቀውን አጥብቆ ይደብቃል።

ካፍቴሪያው ውስጥ ጠረጴዛዎቹ ወደ ግድግዳው ተገፍተው፣ ወንበሮቹ አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርበው ወለሉ ባዶ ሆኖ ጠበቃቸው። ገና መወልወሉ ስለነበር የወለል ማጽጃ ይሸታል። ስምንት ወንድና ስምንት ሴት ናቸው፤ ሁሉም ተሳቀዋል። ሰው ዕድሜው ከገፋ በኋላ አዲስ ነገር ሲጀምር እጁ ራሱ ትርፍ ይሆንበታል። ቀዶ ሐኪሙ እንኳ፣ በሰው ሆድ ውስጥ የማይንቀጠቀጠው እጁ የሒሳብ ሹሟ ጀርባ ላይ ሲያርፍ ተንቀጠቀጠ።

አሠልጣኟ ዋልዝ የሚባለው ዳንስ በሦስት እንደሚቆጠር አስረዳች። ወንዶች በግራ እግር ወደ ፊት፣ ሴቶች በቀኝ ወደ ኋላ አለች። ፈታኙ እጁን ፈለገ። አንደኛው የሚስቱን እጅ ይዟል፣ ሌላኛው ጀርባዋ ላይ ነው፤ እስክሪብቶ የለም። በግምት አንዱን እግር አነሳና የሚስቱን ጣቶች ረገጠ። ይህስ ደህና ነበር፤ ጀማሪ ሁሉ ይረግጣል። ጉዱ የመጣው ሙዚቃው ቆሞ አሠልጣኟ "ጥንድ እንቀይራለን፤ ወንዶች ወደ ቀኝ አንድ ሰው ይለፉ" ስትል ነው። ሰባቱ በአንድ በኩል ሄዱ፤ እሱ በሌላው በኩል ሄዶ ከጥበቃ ሠራተኛው ጋር ደረት ለደረት ተላተመ። ሰው ሳቀ። ለሁለተኛ ጊዜም ተላተሙ፤ አሁንም ሳቁ። በሦስተኛው ማንም አልሳቀም። አሠልጣኟ ቀስ ብላ መጥታ ክንዱን ይዛ "በዚህ በኩል ጋሼ" አለችው። ጆሮው እስኪግል አፈረ፤ ከሳቁ ይልቅ ዝምታው ነው ያቃጠለው።

አራተኛዋ የደረሰችው ሴት ከሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነበረች። ወደ አርባ የምትጠጋ፣ በረኪና እጇን ያሻከረባት፣ ፊቷ የማይጨፈግግ ሴት ናት። እንደያዛት እግሩ የት እንደሚሄድ እሷ ታውቅለት ጀመር፤ ሳትገፋው ሳትጎትተው አስኬደችው። ከዚያ ጎንበስ ብላ በሹክሹክታ አጽናናችው።

"አይዞዎት ጋሼ፣ እኔም እንደርስዎ ነኝ። ቀኝና ግራ አይገባኝም።" የእጅ አንጓዋ ላይ ያለውን የፀጉር ላስቲክ አሳየችው። "ይህችን ቀኜ ላይ ካላሰርኩ አለቀልኝ።"

ፈታኙ ገረመው። ከመጣ ጀምሮ አዳራሹ ውስጥ አንድም ጊዜ ያልተሳሳተች ሴት ብትኖር እሷ ናት፤ ላስቲኩንም ስታየው አላያትም። ለጨዋነት ያህል፣ ከመቼ ጀምሮ ነው ብሎ ጠየቃት። እሷም በሦስት ቆጠራ እየተራመደች ነገረችው።

ከአራት ዓመት በፊት የሆስፒታሉ መኪና ሹፌር ጡረታ ሊወጣ ነበር። አለቃዋ መንጃ ፈቃድ ካመጣሽ ቦታው ያንቺ ነው አላት። ከዚያ እንፋሎት ከሞላበት ክፍል ወጥታ መሪ ልትጨብጥ! ተማረች፤ ጎበዝ ናት ተባለች። የፈተናው ዕለት ወፍጮ ቤቱ ጋ ካለው መገንጠያ ሲደርሱ ፈታኙ ታጠፊ አላት፣ ታጠፈች። የተዘጋ የመጋዘን በር ሆነ። ትእዛዝ አልተከተለችም ተብላ ወደቀች። ሁለተኛ አልተፈተነችም። ለአለቃዋ ይቅርብኝ ብላ ነገረችው፤ ሌላ ሹፌር ተቀጠረ፤ እሷ የታጠበውን አንሶላ እየተሸከመች ትጭንለታለች።

"ወደ ቀኝ ያለኝ መስሎኝ ነበር፤ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ" አለች። "ግን እሱ ምን ብሎ ይዋሻል? ጉቦ እንኳ የማይበላ ሰው ነው አሉ። የእኔ ጭንቅላት ነው። እግዜር ይስጠው፣ ሰው ሳልጨርስ በጊዜ ነገረኝ።"

ሙዚቃው ቆመ። ወንዶች ይለፉ ተባለ። ፈታኙ የት እንደሚያልፍ ይቅርና የት እንዳለም ጠፋው።

አላወቀችውም። ተፈታኝ የፈታኙን ፊት መቼ ያያል፤ መንገድ ነው የሚያየው። ያኔ ደግሞ ጢም ነበረው። እሱ ግን አሁን አስታወሳት፤ ፊቷ ጠፋው እንጂ ፈተናዋን ከቶም አልረሳውም ነበር። ያን ቀን ማለዳ ሸሚዙን ሲተኩስ ጣቶቹን በካውያ አቃጠለ። ቀኝ እጁ በፋሻ ስለተጠቀለለ እስክሪብቶውን በሌላው ያዘ። አራት ሰው ፈተነ፤ አራቱም ወፍጮ ቤቱ ጋ ሲደርሱ ተራ በተራ ወደ መጋዘኑ በር ታጠፉ። ዛሬ ምን ዓይነት ደንቆሮ ነው የመጣብኝ እያለ አራቱንም ተቆጣ። አራተኛዋ ከተዘጋው በር ፊት ካለው ጠባብ ቦታ መኪናውን ወደ ኋላ ስታወጣ ግን አንድም ነገር አልነካችም፤ እንደዚያ አድርጎ ያወጣ ሠልጣኝ አይቶ አያውቅም። ተመልሰው ቆሙ፣ ውጤቷን ሊጽፍ ጀመረ፣ ፊደሉ እንደ ሦስቱ ወረቀቶች ሁሉ ተንጋደደበት። ያኔ እስክሪብቶውን የያዘው እጁ የትኛው እንደሆነ አየ።

ገባው። ሴትዮዋ ገና መሪውን ይዛ ትጠብቃለች። ተሳስቻለሁ ቢላት ያልቅ ነበር። ግን እንዴት ተሳሳትክ መባል ይመጣል፤ አለቃ ይጠይቃል፤ ቀኝና ግራውን የማያውቅ ፈታኝ ተብሎ የመሥሪያ ቤቱ መሳቂያ መሆን ይመጣል። ፈረመ። ሌሎቹም ወረቀቶች እንደተፈረሙ ቀሩ። ይደግማሉ፣ ከደገሙ ያልፋሉ ብሎ ራሱን አጽናና። ሦስቱ ደገሙ፣ አለፉ። አራተኛዋን ጠበቃት፤ ስትቀር መጠበቁን ተወ።

ሳምንቱን ምግብ አልወርድ አለው። ሚስቱ ዳንሱ ነው ያስጨነቀህ ብላ ቀለደችበት፤ አዎ አላት። ሰኞ መዝገብ ቤት ገብቶ ወረቀቷን አወጣ። ፊደሉ የአንደኛ ክፍል ልጅ ጽሕፈት ይመስላል። መልሶ አስቀመጠው። እስከ ዓርብ ድረስ ሲያወጣ ሲያወርድ ሰንብቶ አንድ መላ አገኘ፦ ፈታኞችም እኮ ይሳሳታሉ፣ ተመልሰሽ ተፈተኚ ብሎ በደፈናው ይመክራታል። እሷም ትጠቀማለች፣ እሱም አይጋለጥም። በመላው ተደሰተ፤ ወዲያው መደሰቱ ራሱ አሳፈረው፤ ግን አልተወውም።

ቅዳሜ ተራዋ ደርሶ ሲይዛት ይህንኑ አላት። ከልቧ ሳቀች። "ያ ሰውዬ? አይሳሳትም ጋሼ፤ ቀጥ በል ነው የሚሉት" አለችና እጁን ለቅቃ ከኪሷ ጥቁር የፀጉር ላስቲክ አወጣች። ለእሱ ብላ ነው ያመጣችው። የሸሚዙን እጅጌ ሰብስባ፣ ልጇን ወደ ትምህርት ቤት እንደምትልክ እናት አንጓው ላይ አጠለቀችለት። "ይኸው፣ ይሄኛው ቀኝዎ ነው። ምንም የሚያሳፍር ነገር የለውም።"

ፈታኙ መላው ሁሉ ጠፋው።

"ያ ፈታኝ እኔ ነኝ" አላት።

እግሯ መቁጠሩን አላቆመም። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ፊቱን አየችው፤ ጢሙን እየመለሰች የምታይ ይመስል ነበር።

"ወደ ቀኝ ብለውኝ ነበር?"

"ወደ ቀኝ ብዬሻለሁ። ግራ ማለቴ ነበር።"

"እኔ በትክክል ነው የታጠፍኩት?"

"እንዳልኩሽ ነው የታጠፍሽው።"

አሁን ቆመች። "መቼ ነው ያወቁት?"

ማምለጫ ነበረው። ባለፈው ቅዳሜ ስትነግሪኝ ቢላት ታምነዋለች፤ እንዲያውም ልታዝንለት ትችላለች። ቃሉ አፉ ድረስ መጣ። እጁን ይዛው ስለነበር ይሁን፣ ወይም ያ እግዜር ይስጠው ያለችው ሳምንቱን ሙሉ ስለቆረጠመው፣ አልወጣ አለው።

"ገና ከመኪናው ሳትወርጂ" አላት።

ከኋላቸው የሚመጡት ጥንዶች ገጯቸው። አሠልጣኟ ሙዚቃውን ዘጋችና ምን ሆናችሁ አለች። ሰው ሁሉ ዞሮ አያቸው። ሴትዮዋ አልጮኸችም፤ ድምጿ ግን ለሁሉም ይሰማ ነበር።

"እኔ ለአለቃዬ ተናግሬያለሁ። ለእናቴ ተናግሬያለሁ። እዚህ ላለው ሰው ሁሉ፣ ጭንቅላቴ አይሠራም ብዬ እየሳቅኩ ተናግሬያለሁ። እርስዎም ይናገሩ።"

ፈታኙ ሚስቱን ፈለገ። ከጥበቃ ሠራተኛው ጋር እጅ ለእጅ እንደተያያዘች ቆማለች። 

"ቀኝና ግራዬን አልለይም" አለ። "ከልጅነቴ ጀምሮ።"

ይህን ቃል የተናገረ ዕለት መሬት ተከፍታ የምትውጠው ይመስለው ነበር። መሬት አልተከፈተችም። ቀዶ ሐኪሙ በደግነት ፈገግ አለ። የጥበቃ ሠራተኛው፣ ሦስት ጊዜ የተላተመው ሰው፣ ስንቱ አለ መሰለህ አይዞህ አለው። አሠልጣኟ ይህ ብዙ ሰው ላይ ያለ ነገር ነው፣ እንዳታፍር አለችው። ሚስቱ ራሷ ፈገግ ብላ ራሷን ነቀነቀች፤ አብረው በመኪና ሲሄዱ ሁልጊዜ መንገዱን በጣቷ ነበር የምታሳየው፤ ለካ ታውቅ ኖሯል። ፈታኙ እንባው ሊመጣ ደረሰ። ይህን ያህል ዓመት የፈራሁት ይህንን ነው አለ በልቡ፤ አለፈ፣ ተገላገልኩ።

የልብስ ማጠቢያዋ ሴት ካለችበት አልተነቃነቀችም።

"እሱን አይደለም ጋሼ" አለችው። "ሌላውን።"

 ፈታኙ ሌላው ምን እንደሆነ ያውቃል። ወደ ወለሉ እያየ ሊናገር ጀመረና ድምፁ አልሰማ ሲል ቀና አለ።

"እሷን ፈትኛት ነበር። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። እሷ ገና መኪናው ውስጥ እያለች አወቅኩ። እያወቅኩ ጣልኳት።"

አይዞህ ያለው ሰው አልነበረም። የጥበቃ ሠራተኛው ወደ በሩ ዞረ። ሴትዮዋ ቦርሳዋን ከተደራረቡት ወንበሮች ላይ አነሳች፤ ሰኞ ጠዋት መሥሪያ ቤትዎ እመጣለሁ፣ እዚያም እንደዚሁ አድርገው ይሉልኛል አለችው። እሺ አላት። ሚስቱ ፊቷ ላይ የነበረውን ፈገግታ እስክታጠፋ ትንሽ ጊዜ ወሰደባት፤ ከዚያ እሱን ማየት ተወችና ጫማዋን ልትቀይር ተቀመጠች።