ጠንክሯል

«አህያዋ ከነጭነቷ ተነስታ ጥያ ከተማ፣ ትክል ድንጋዮቹ ላይ ቁጭ!» አለ ሾፌሩ አብዱልሃፊዝ። «ቡኢ ላይ ጎማ ሲፈነዳ አስፈንጥሯት ነው አሉ። አሚኑ ወላሂ ብሎ ነው የነገረኝ።»

የቡታጅራው ለቅሶ ድንኳን በሳቅ ተናጋ፤ ወዲያው ሁሉም አፉን በእጁ ያዘ። የአሚኑ ጎሚስታው መቃብር አፈሩ ገና አልደረቀም። ሰውየው ሞቶም ያስቃል።

ስኒ ልትሰበስብ የገባችው የአሚኑ እህት ፈቲሀ ብቻ አልሳቀችም። ድሮ በአሚኑ ቅጥፈት ቀድማ የምትስቀው እሷ ነበረች።

ሰኔ ላይ አሚኑ ከሐኪም ተመልሶ እዚሁ ግቢ ቆሞ ነበር።

«የደም ስሬ ግድግዳ ጠንክሯል አለኝ።»

«አልሐምዱሊላህ! ጠነከረ ተብሎ የሚያዝን ሰው ዛሬ አየሁ። የእኛ ቤት ግድግዳ በጠነከረልን!» አለችው ፈቲሀ።

ቤተሰቡ በሙሉ ሳቀ፤ እሱም ሳቀ። ከዚያ አሮጌ ጎማ አነሳና ውስጡን በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አደረገው።

«ስሚኝማ። ደም ስርም እንዲህ ድርብርብ ነው አለኝ። ልብ በመታ ቁጥር መለጠጥ፣ መመለስ አለበት። ቀድሞ የሚበላሸው የውስጠኛው ነው፤ ስብ ይገባበትና መለጠጥ ያቅተዋል። ከውጪ ስታዪው ግን አዲስ ነው። አንድ ቀን ውስጡ ይሰነጠቅና…»

«አህያዋስ የት ታርፋለች?» አለችው።

ዳግመኛ አላነሳባትም። ጎማ እየነፋ ሳለ በፊቱ ተደፍቶ በዚያው ቀረ።

አሁን ታናሽ ወንድማቸው ሙዝደሊፋ ከድንኳኑ ምሰሶ ስር ተቀምጦ ደረቱን ያሻል።

«ምን ሆነህ ነው?» አለችው።

«ድንኳን ስተክል ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከረመዳን ወዲህ ዳገት ስወጣ ያዝ ያደርገኛል። ተይው እትዬ፣ የእኛ ቤት ሰው ደም ስሩ ጠንካራ ነው!»

ድንኳኑ ሳቀ። ሙዝደሊፋ የእሷን ሳቅ ጠበቀ።

ፈቲሀ ስኒዎቹን መሬት ላይ አስቀመጠች። በር ላይ ከተከመረው ጫማ መሀል የእሱን ፈልጋ አመጣችና ፊቱ ተንበረከከች።

«ምን መሆንሽ ነው? የወንድሜን ለቅሶ ጥዬ ሐኪም ቤት? ሰው ምን ይላል?»

 እግሩን ይዛ ጫማው ውስጥ አስገባች። አብዱልሃፊዝ የመኪናውን ቁልፍ ከኪሱ አወጣ። የሚስቅ ጠፋ።

ፈቲሀ የጫማውን ማሰሪያ ጥብቅ አድርጋ አሰረችው። በአውራ ጣቷ ጫን ጫን አደረገችው። ከዚያ ፈታችና እንደገና ላላ አድርጋ አሰረችው።