ሙሽራውን ያስሮጠች «በት»

ልብስ ሰፊዋ እንግሊዝኛ የጀመረችው አርባ ዘጠኝ ዓመት ከሞላት በኋላ ነው። አስተማሪዋ የእህቷ ልጅ ናት፤ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ የምታስተምር፣ ፊቷ የማይፈታ ልጅ። መጀመሪያ ያስጠናቻት አያያዥ ቃላትን ነበር። «ኤንድ» እና ነው፤ «ኦር» ወይም ነው፤ «በት» ግን ነው። ልብስ ሰፊዋ ከሦስቱ «በት»ን ወደደቻት። አጭር ናት፤ ስትጠራትም አፍ ይሞላል።

«አክስቴ፣ በት የምትገባው ሁለተኛው ነገር ከመጀመሪያው ጋር ሲጣላ ነው» አለቻት ልጅቷ።

«እኔ ቤት ማንም ከማንም አይጣላም!» አለችና ካውያዋን አነሳች።

ሐሙስ ጠዋት አንድ የድልድይ መሐንዲስ ለሠርጉ ያዘዘው ሱፍ አለቀ። መሐንዲሱ የውጭ አገር ሰው ነው፤ ሠርጉ ቅዳሜ ነው። ልጅቷ ክፍል ገብታለች፣ ስልክ አታነሳም። ልብስ ሰፊዋም ወገቧን ጠበቅ አድርጋ በገዛ እጇ በእንግሊዝኛ ጻፈችለት፦ «ሱፍህ አልቋል፣ ግን ያምራል።»

መልሱ ወዲያው መጣ። «ምን ሆነ? ተቀደደ ወይስ ተቃጠለ?» ነበር የሚለው። እሷ ከዚህ ሁሉ የለየችው «ኦር»ን ብቻ ነው። ኦር ካለ ደግሞ አንዱ ይመረጣል ተብላለች። ሰውየው በትሕትና ምርጫ ሰጥቷት ዝም ማለት ነውር መሰላት፤ የኋለኛውን ቃል ፊደል በፊደል ገልብጣ፣ የምትወዳትን «በት» ከምስጋና ጋር ጨምራ ላከች፦ «ተቃጠለ፣ ግን አመሰግናለሁ።»

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ መሐንዲሱ የሥራ ቆቡን እንደደፋ፣ ቁና ቁና እየተነፈሰ በሩን በርግዶ ገባ። ኮቱን ከመስቀያው መንጭቆ ገለበጠው፤ ገበሩን ዳበሰ፤ እጅጌውን አሸተተ።

«ምን ያሸታል ይሄ ሰውዬ!» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ደሟ ፈልቶ። እሱም ስልኩን፣ ቀጥሎ ካውያውን እያሳየ በእጁ ጭስ ሠራላት። ያኔ ገባት። «እኔ? ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ አንዲት ክር አቃጥዬ አላውቅም!»

በዚህ መሐል ልጅቷ ለምሳ መጣች። ስልኩን ተቀብላ አነበበች። ደግማ አነበበች። ከዚያ ያቺ ኮስታራ ልጅ የጨርቅ ጥቅሉ ላይ ተደፍታ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። እየተንከተከተች ነገሩን ስታስረዳው መሐንዲሱም ግድግዳውን ተደግፎ ይስቅ ጀመር። አክስቲቱ ብቻ አኩርፋ ቆመች።

መሐንዲሱ እፎይ ብሎ ኮቱን ለበሰ፤ መስታወት ፊት ቆመ፤ ቁልፉን ሳበ። አልደርስ አለው። ከልኬቱ ወዲህ ሆዱ ገፋ ብሏል። ዞር አለና አፍሮ፣ «ያምራል፣ በት...» ብሎ ሆዱን መታ አደረገ።

«ይኼንን ማንም አይተርጉምልኝ!» አለች ልብስ ሰፊዋ፤ ኩርፊያዋ በአንዴ ጠፋ። ኮቱን አስወልቃ የጎኑን ስፌት ተረተረች። መሐንዲሱ በካናቴራ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ጠበቀ። ሁለት ጣት አሰፋችለት፤ ቅዳሜም ያንኑ ለብሶ፣ ቁልፉን ቆልፎ፣ እንደ ልቡ እየተነፈሰ ተዳረ።